«የለኝም» ካሉ በኋላ

አዛውንቱ በሩ ሲንኳኳ ከፍተው ቢያዩ፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ራሳቸው ያሠለጠኗት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት መረጃ ሰብሳቢ ቆማለች። አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥታ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት እዚህ የሚኖሩት? የምጠይቀው ቤት እኮ በዕጣ ነው የደረሰኝ!»

«ግቢ፣ ግቢ ልጄ። ሠላሳ ዓመት የሰው በር ሳንኳኳ ኖሬ የእኔን የሚያንኳኳ ጠፍቶ ነበር» አሉ አዛውንቱ። ወንበር ስበው መነጽራቸውን አጠለቁ። «በይ ጠይቂኝ።»

ልጅቱ የቤቱን ሰዎች መዝግባ ዕጣ አወጣች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከቤቱ ሰው ዕጣው የወጣው ለባለቤትዎ ለእማማ ነው።»

«ለእሷ? ለቤቱ የሚመልሰው አባወራው አይደለም እንዴ? የእሷን እኔ እነግርሻለሁ።»

«በእርስዎ ጊዜ እንደዚያ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ሰው ስለራሱ ነው የሚመልሰው፤ የሚሻለውም ለብቻ ሲሆን ነው።»

ባለቤታቸው፣ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ ወይዘሮ፣ የታጠበ ልብስ እያጣጠፉ ነበር። «ይቀመጥ፣ ምን ቸገረኝ» አሉ። ዕድሜያቸውን፣ ትምህርታቸውን፣ ሥራቸውን ተናገሩ። ሃይማኖታቸውን ሲጠየቁ የሸሚዝ አንገት እያስተካከሉ፣ «የለኝም» አሉ።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ። በስንት መጠይቅ ላይ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቋቸው፣ የራሳቸውን ሃይማኖት በሚስታቸው መስመር ላይ ሞልተዋል።

«ምን አልሽ?»

«የለኝም አልኩ። እናትህን ከቀበርን ወዲህ አምልኮ ቤት አብሬህ ሄጄ አውቃለሁ?»

«ወገብሽን እያመመሽ መስሎኝ ነዋ!»

«ወገቤንማ ያመኛል።»

ሰው የቆመበት ሲናጋበት የሚሸሸው ወደሚያውቀው ነገር ነው። አዛውንቱም ወደ ሙያቸው ሸሹ።

«በይ ልጄ፣ ‹የለም› የሚለው ላይ ምልክት አድርጊና ወደሚቀጥለው ክፍል እለፊ። ይህን ትእዛዝ መጠይቁ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሃይማኖት የሌለውን ስለ ጸሎት መጠየቅ፣ መኪና የሌለውን ስለ ነዳጅ መጠየቅ ነው።»

«አሁን አናልፍም ጋሼ። ‹የለኝም› ማለት ሰውየው የየትኛውም እምነት አባል ነኝ እንደማይል ይነግረናል እንጂ ውስጡን አይነግረንም። ባለፈው ሳምንት አንድ መካኒክና አንዲት ነርስ ‹የለኝም› አሉኝ። መካኒኩ አያምንም፣ አይጸልይም፣ ነገሩም አያሳስበውም፤ እንዳለው ጻፍኩ። ነርሷ ግን ተረኛ በሆነች ቁጥር የሕመምተኞቿን ስም እየጠራች ትጸልያለች። በድሮው መጠይቅ ሁለቱም አንድ ናቸው።»

«ታዲያ የአምልኮ ቤት በወር ስንቴ ይሄዳሉ ብሎ መጠየቅ አይበቃም? እሱ የሚቆጠር ነገር ነው። የልብን ማን ይቆጥራል?»

«እሱ የሚሠራው የሚሄድበት ቤት ላለው ነው። ነርሷን በዚያ ብለካት ዜሮ ታገኛለች። ትኩሳትን በኪሎ ሚዛን እንደመለካት ነው፤ ሚዛኑ አልተበላሸም፣ የሚለካው ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አባልነቱን ለብቻ፣ ጸሎቱን ለብቻ፣ እምነቱንም ለብቻ እንጠይቃለን።»

«ጎትታችሁ ሁሉንም አማኝ ልታደርጓቸው ነዋ!»

«የለም ጋሼ። አላምንም ያለውን አላምንም አለ ብለን ነው የምንጽፈው። እኛ የተውነው ሳንጠይቅ መዝለሉን ነው።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ዕድሜ ልካቸውን ያስረከቡት ቁጥር ጎዶሎ ነበር መባል ቀላል አይደለም። ሆኖም ቁጥርን የሚያከብሩ ሰው ነበሩ፤ ልጅቱ ያለችው ልክ መሆኑ ገብቷቸዋል።

«እማማ፣ ይጸልያሉ?» ስትል ቀጠለች።

ወይዘሮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነቱ፤ ባላቸውን ሰረቅ አድርገው አዩ። አዛውንቱ ያቺን እይታ ያውቋታል፤ ሌላ ጆሮ ባለበት መልስ ይበላሻል እያሉ ስንቱን አሠልጥነዋል። ተነሡ፤ «ንፋስ ልቀበል» ብለው ደረጃውን ወረዱ።

ልጅቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትወርድ የሕንፃው በር ላይ አገኘቻቸው። ምን አለችሽ አላሏትም፤ እሷም አልነገረቻቸውም።

«ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ እጽፋለሁ» አሏት። «እኔ ባዘጋጀሁት ሰንጠረዥ ግርጌ፣ ‹የለኝም ያሉት ከዚህ በላይ አልተጠየቁም› ተብሎ ይጻፍ። ስህተቱ የእኔ ነው።»

ቤት ተመልሰው ከሚስታቸው ፊት ቁጭ አሉ። «ለእሷ የመለስሽው ለእሷ ነው። እኔ ደግሞ ልጠይቅሽ፤ ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ።»

ወይዘሮዋ ልብሱን ወደ ጎን አደረጉ። «ጠዋት ጠዋት እጸልያለሁ። ማን እንደሚሰማኝ ግን አላውቅም። አውቃለሁ ብዬ ሰው መሀል መቆሙ ነው ያቃተኝ።»

አዛውንቱ ሊያርሟቸው ቃሉ አፋቸው ድረስ መጥቶ ነበር። መለሱትና እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

ደብዳቤው ሦስት ወር ቆይቶ ተቀባይነት አገኘ። የአዲሱን መጠይቅ ውጤት ያነበበ አንድ ሆስፒታልም «የለኝም» የሚሉ ሕሙማንን «የሚያጽናናዎት ሰው ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ፤ የፈለገ አዎ አለ፣ ያልፈለገም አይ ብሎ በሰላም ተኛ። የተገደደ የለም፤ የተዘለለም የለም። በዚያች ቤትም አዛውንቱ የሚስታቸውን ሐሳብ ከሚስታቸው አፍ መስማት ለመዱ። አንዳንዱ መልስ ያስደስታቸዋል፣ አንዳንዱ ያስከፋቸዋል፤ መልሱ የሚስታቸው እንጂ የእሳቸው አለመሆኑን ግን አይጠራጠሩም።