አራት ልጅ የሚይዘው ላሜራ

እኔ በዕድሜዬ ፈርቼ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢሆንም የሳይንስ መጽሐፉን ግን እስከ መጨረሻው ገጽ ጨርሼዋለሁ፤ ስለዚህ በሰፈራችን ምክር የሚሰጥ ሰው ቢፈለግ ከእኔ ወዲያ ላሳር ነው። ይህንንም የምጽፈው ቤታቸው ብረትና ኤሌክትሪክ ያለባቸው ሰዎች እንዲማሩበት ብዬ ነው።

ከሱቅ ስመለስ አጎቴን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አጎቴ የብረት በር ሠሪ ናቸው። የአልጋ ወርድ የሚያክል ላሜራ በትከሻቸው ተሸክመው ነፋሱ ወዲያና ወዲህ ያንገላታቸዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ከምታዪኝ ያንን ጫፍ ያዥልኝ» አሉኝ።

ያዝኩላቸውና እየተጓተትን ወርክሾፓቸው ገባን። ጥግ ላይ ለሰፈሩ ልጆች የሚሠሩት የጌም ማሽን ቆሟል። ቁመቱ እንደ ቁም ሳጥን ነው፤ እንደ ልማዳቸው ከላይ እስከ ታች በብረት በይደውታል። ውስጡ ያስገቡት አሮጌ ቴሌቪዥን ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይበራል። የቀረው አራት ልጅ ጎን ለጎን ቆሞ የሚጫወትበት ሰሌዳ ብቻ ነው። አጎቴ ላሜራውን ሳጥኑ ወገብ ላይ አጋደሙና ድሪላቸውን አነሱ።

«ጋሼ፣ ሳይለኩ ሊበሱት ነው?»

«ዓይን የተሰጠኝ ለምን ይመስልሻል? አራት ጆይስቲክ፣ ለእያንዳንዱ ስድስት ስድስት ቁልፍ። አለቀ።»

«መጀመሪያ ካርቶን ላይ እንሥለውና አራት ሰው ቆሞ ይሞክረው። ክርን ከክርን ይጋጫል። ካርቶን ቢበላሽ ይጣላል፤ ላሜራ ግን አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት በር ስሠራ የካርቶን በር ያዘዘኝ ሰው የለም፣ የኔ ኢንጂነር።»

ላሳያቸው ብዬ መዳፌን ላሜራው ላይ ሳሳርፍ አንድ ነገር ጣቴን ነክሶ እስከ ክርኔ ወጣ። እጄን ነጥቄ ደረቴ ላይ አጣበቅሁት።

«ጋሼ፣ ይነዝራል።»

«እሱማ ሰላም ሲልሽ ነው።»

ቴስተራቸውን ከደረት ኪሳቸው መዝዤ ላሜራውን ነካሁበት። ትንሿ ቀይ መብራት በራች። ድምፄ ቀጠነ።

«ከቴሌቪዥኑ የሾለከ ኤሌክትሪክ ሳጥኑን ሞልቶታል ማለት እኮ ነው።»

«ቴስተሩ አርጅቷል።»

«ቢያረጅ አይበራም ነበር።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲነዝረኝ ኖሮ ይኸው ቆሜያለሁ።»

«የቆሙት በጫማዎ ነው፣ ጋሼ። ሶሉ ሁለት ጣት የወፈረ ጎማ ነው። ልጆቹ ግን ደጅ ካለው ቧንቧ ውሃ ሲራጩ ቆይተው በባዶ እግራቸው ነው የሚመጡት። አራቱም አንድ ላይ ይይዙታል።»

ይህን ስል አራት ጥንድ ትንንሽ እጆች ላሜራው ላይ ታዩኝ። ኤሌክትሪክ የያዘው እጅ ይጨበጣል እንጂ አይለቅም ይላል መጽሐፉ።

አጎቴ ግን ተናደዱ። አንዲት ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«አውልቄ እነካዋለሁ። ያን ጊዜ አፍሽን ትዘጊያለሽ።»

«ጋሼ፣ በእናትዎ ይተዉት። ይቅር፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

የግራ ጫማቸው ወለቀ። ካልሲያቸውን አወለቁና ባዶ ተረከዛቸውን ከቧንቧው በሚገባው ውሃ የረጠበው ሲሚንቶ ላይ አሳረፉ። እኔ በሩን አየሁ፤ የምጠራው ሰው አልነበረም።

በዚያው በር ጩጬ ገባች። ጩጬ የአጎቴ የልጅ ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ከቧንቧው ነው የመጣችው፤ እጇ ይንጠባጠባል፣ እግሯ ባዶ ነው።

«አለቀ?» አለችና ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ ሳጥኑ ሮጠች።

አጎቴ ወንበሩን ገልብጠው በአንድ ጫማ ዘለሉ። ገመዱን ይዘው ሲጎትቱት ሶኬቱ ከነልስኑ ከግድግዳው ወጣ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ወዲያው የጩጬ መዳፎች ላሜራው ላይ ጧ ብለው አረፉ።

«ሲቀዘቅዝ» አለች።

እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን ሁኔታውን በጥሞና እየተከታተልኩ ነበር።

አጎቴ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጫማቸውን አነሱና ሳያጠልቁት እግራቸው ሥር መልሰው አስቀመጡት። ሰው ለራሱ ያልፈራውን ነገር ለልጁ ሲፈራው ያኔ ልኩን ያውቀዋል።

«ንገሪኝ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ምን ልንገርዎ?»

«ምን ምን እንደሚደረግ። ከካርቶኑ ጀምረሽ።»

ከካርቶኑ ጀመርን። አጎቴ፣ እኔ፣ ጩጬና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አራት ሆነን ቆመንበት ስንሞክር የአጎቴ ክርን የጩጬን ጆሮ መታው። ስለዚህ በመሀላችን አንድ አንድ ስንዝር ጨመርን፤ የዳርና የዳሩን ቦታዎችም ወደ መሀል ጋደል አደረግናቸው። ሰሌዳው ከጣውላ ተሠራ፤ ቁልፎቹ ዘንድ የሚደርሰው ኃይልም ከእጅ ባትሪ አይበልጥም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ የሚያሾልከውን ሽቦ ቀየረ፣ ሶኬቱንም አድሶ ቢሾልክ ኤሌክትሪኩን ከሳጥኑ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ዘረጋ። ዛሬ አጎቴ ማሽኑን ሲያበሩ ቴስተር ሳይነኩበት ልጅ አያስጠጉም። አራት ልጅ ሳይጋፋ ይጫወታል፤ እናቶችም ልጆቻቸው የት እንዳሉ ያውቃሉ። የብየዳ ሥራቸውንም ቢሆን አሁን እርጥብ ወለል ላይ ቆመው አይሠሩም።

ማሽኑ በተመረቀ ዕለት ወርክሾፑ በልጅ ጢም ብሎ ሞላ። እኔም ምክር መስጠት ስለሚገባኝ ያቺን ወንበር ወደ ፊት አምጥቼ ወጣሁባት።

«ልጆች» አልኩ፣ «ይህን ቤት ከአደጋ ያዳኑት እውቀትና ድፍረት ናቸው። ያን ቀን እኔ ባልኖር ኖሮ—»

«ሶኬቱን የነቀለው አያቴ ነው» አለች ጩጬ፣ እጇን ከቁልፎቹ ሳታነሳ። «አንቺማ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር። አሁን ውረጂ፣ ስክሪኑን ጋረድሽኝ።»