ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

እኔን በዋጋ ክርክር የሚረታ የለም! የቤታችን ኮምፒውተር አልነሳ ሲል የእህቴን ልጅ ሰላምን «በፊልም አቃጠልሽው!» ብዬ አስለቅሻት፣ አብረን በባጃጅ ታቦር ሰፈር ወዳለ ጥገና ቤት ወሰድነው። ጠጋኙ «ለማየትም ይከፈላል» አለኝ። «አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ አገላብጬ ሳይ ማን አስከፈለኝ?» ብዬ ቤቱን በሳቅ ሞላሁት።

ከፍቶ አይቶ የጠራው ዋጋ ግን አስጮኸኝ። «ምኑ ነው ይህን ያህል? ራሴ በሠራሁት ዳንቴል ሸፍኜ፣ አቧራ እንኳ አይነካውም!»

«እየሠራም ይሸፍኑታል፣ እትዬ?»

«ታዲያስ!» አልኩ በኩራት።

«እሱ ነው ያፈነው። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ውስጡን አቃጥሎታል፤ ዋጋው ለሚቀየረው ዕቃ ነው።»

ሰላምን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሷ ግን እጄን ያዝ አድርጋ «ተይው አክስቴ፣ አስበሽለት ነው» አለችኝ። ምነው በሰደበችኝ!