ሳይለኩ መተኮስ

በኮሮና ምክንያት ሁለት ዓመት ያህል ተዘግተው የቆዩት የካምፓላ ትምህርት ቤቶች በተከፈቱበት ሳምንት፣ ከኪኩቦ ገበያ ወደምኖርበት ንቲንዳ ሰፈር በቦዳ፣ ማለትም በሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ ስመለስ መንገዱ በሰው ተዘግቶ አገኘሁ። ወሬ አይለፈኝ የምል ሰው ነኝና ወረድኩ። ከመንገዱ ዳር ካለው ረግረግ ማዶ፣ ደረቅ ጉብታ ላይ፣ ረጅም ቀንድ ያላት የአንኮሌ ላም ቆማለች። በዚህኛው ዳር የቆሙትን ሁለቱን ሰዎች ከኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያናችን አውቃቸዋለሁ። አንዱ የላሟ ጌታ አቶ ሰይፈ ናቸው፤ የቀድሞ ወታደር፣ አሁን የጥበቃ ሠራተኞች አሠልጣኝ። ሌላዋ በቅርቡ የተመረቀችው የእንስሳት ሐኪም አርሴማ ናት።

ላሟ በመኪና ጥሩምባ ደንብራ ያመለጠች ናት፤ የቀረባትን ሁሉ ትወጋለች። በቦታው የተገኘው ፖሊስ ተማሪዎች በአሥር ሰዓት ከመለቀቃቸው በፊት ካልተያዘች እገድላታለሁ ብሏል። አርሴማ በታመቀ አየር የማደንዘዣ መርፌ የሚተኩስ፣ ማነጣጠሪያ መነጽር ያለው ጠመንጃ ይዛለች፤ የቀራት መርፌ ግን አንድ ብቻ ነው። አቶ ሰይፈ ቤት ደግሞ የአሥር ቀን ጥጃ እናቱን ይጠብቃል።

“ሠላሳ ሜትር ናት። የአየሩን ግፊት በሠላሳ አድርጊው” አሉ አቶ ሰይፈ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ከዚያ ትርቃለች። ግፊቱ ካነሰ መርፌው ውኃ ውስጥ ይወድቃል፤ ከበዛ አጥንቷን ይሰብራል።”

“ልጄ፣ እኔ ሃያ ዓመት በዓይኔ ለክቼ የተኮስኩ ሰው ነኝ። መነጽሩ ለጀማሪ ነው።”

“ዓይንዎን መናቄ አይደለም። ግን ቀንዷ ትልቅ ስለሆነ ቅርብ ትመስላለች፤ መካከሉም ውኃ ነው፣ ያታልላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ይህ መርፌ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።”

አቶ ሰይፈ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ሰው ክርክር ሲያጥረው ድምፁን ያስረዝማል፤ እኔም ቤቴ የማደርገው ነው። አርሴማ ግን ልጅነቷን ሳትረሳ፣ ሥራዋንም ሳትለቅ ቆመች።

“እንግዲያው በደረቁ መሬት እንሞክር። በእኛ በኩል የወደቀው ቢጫ ጀሪካን ስንት ሜትር ይሆናል?”

“ሠላሳ።”

ጀሪካኑን ሰው ልካ አስቆመችው፤ ከዚያ በመነጽሩ አየች። “እዚህ ውስጥ እንደ ማስመሪያ የተከፋፈሉ መስመሮች አሉ። አንዱ ክፍተት በአንድ ሜትር ርቀት አንድ ሚሊሜትር፣ በአርባ ሜትር ርቀት አርባ ሚሊሜትር ይሸፍናል። የሃያ ሊትር ጀሪካን ቁመቱ አራት መቶ ሚሊሜትር ያህል ነው። አሥር ክፍተት ሞልቷል። አራት መቶ ለአሥር ሲካፈል አርባ ሜትር።”

አቶ ሰይፈ በወታደር እርምጃ እየቆጠሩ ሄዱ። አርባ አንድ ሆነ። ሲመለሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

“ላሟ አጠገብም የቆመ ጀሪካን አለ” አለች። “እርስዎ ይቁጠሩት።”

ዓይናቸውን መነጽሩ ላይ አደረጉ። “ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። አራት መቶ ለስምንት… ሃምሳ።” ቀና አሉ። “በሃያ ሜትር ልስት ነበር። በይ ተኩሺ።”

አርሴማ ግፊቱን በሃምሳ አደረገች። በዚያ ርቀት መርፌው ሁለት መስመር ዝቅ እንደሚል በልምምድ ታውቃለች፤ ስለዚህ ከመሃል በታች ያለውን ሁለተኛ መስመር የላሟ ጭን ላይ አሳርፋ ተኮሰች። መርፌው እዚያው ተተከለ። ከደቂቃዎች በኋላ ላሟ ጥቂት ተንገዳገደችና ተንበረከከች። አሥር ሰዓት ሲሆን ተማሪዎቹ እየሣቁ በመንገዱ አለፉ።

አቶ ሰይፈ ግን መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። “ግርማ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ” አሉን። “ወንዝ ሲሻገር እኔ ልሸፍነው፣ የጠላትን መትረየስ ሦስት መቶ ሜትር ብዬ ገመትኩ። ጥይቴ ሁሉ ሳይደርስ ወደቀ። እሱም አልተመለሰም። ዓይን ይሳሳታል ብዬ ካመንኩ የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ይሆንብኛል፤ ለዚህ ነው ሠላሳ ዓመት የተከራከርኩት።”

“ያኔ የሚያስተምርዎት አልነበረም፣ ጋሼ።”

“የማሠለጥናቸው ልጆች ግን አሁን የሚያስተምራቸው አላቸው” ብለው ተነሡ።

እነሆ፣ ከመገመት መለካት በመቅደሙ ላሟ ዳነች፣ ጥጃው እናቱን አገኘ፣ የሰው ልጆችም በሰላም ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ አቶ ሰይፈ የሥልጠናው ሜዳ ላይ ጀሪካኖች ደረደሩ። ሠልጣኞቹ መጀመሪያ እንዲገምቱ፣ ቀጥለው እንዲለኩ፣ ስሕተታቸውንም ሰሌዳው ላይ እንዲጽፉ አዘዙ። ማንም ሊጀምር አልደፈረም። ጠመኔውን ራሳቸው አነሡና ከሁሉ በላይ ጻፉ፦ “ሰይፈ፦ ሠላሳ አለ፤ ሃምሳ ነበር።”