በደወል የሚጠባው ልጅ

ለሕንፃችን ነዋሪዎች በሙሉ፦ ወደ ሦስተኛ ፎቅ በሚያወጣው ደረጃ ላይ ለሰባት ወር ተቃጥሎ የቆየው አምፖል፣ ከሁለት ስብሰባ፣ ከአንድ አጥኚ ኮሚቴና ከአንድ የከረረ ኩርፊያ በኋላ፣ ከሁለት ወር በፊት አንድ ማክሰኞ የተቀየረ መሆኑን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ስለነበርኩ ዝርዝሩን ማውጋት እችላለሁ፤ ግን አምፖሉ በርቶ ያሳየን ነገር ከአምፖሉ ይበልጣል።

በጨለማው ዘመን ደረጃ ላይ ስንተላለፍ የምንተዋወቀው በሳላችን ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ከጎረቤቴ ከአዋላጅ ነርሷ ጋር እያወጋን ስንወጣ ጋሼ ደቂቃን በሙሉ ብርሃን አገኘናቸው። ጋሼ ደቂቃ ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን፤ «መጣሁ» ሲሉ እንኳ «በአራት ደቂቃ» ብለው ካልጨመሩ አይሆንላቸውም። ብብታቸው ሥር የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ በእጃቸው ጡጦ ይዘዋል።

«ለማን ነው ጋሼ?» አለች ነርሷ።

«ለልጅ ልጄ ነዋ! ለእኔ መስሎሽ ነው? የልጄ ወተት ደረቀ። ሕፃኑ አምስት ሳምንት ሆነው፤ ሲወለድ ከነበረው ኪሎ እንኳ ፈቀቅ አላለም። አገጩ እንደ እኔ ሹል ብሏል።»

ልጃቸው ባሏ ለሥራ ሩቅ ስለሄደ አራስነቷን አባቷ ቤት ነው የያዘችው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«ሐኪም አይቶታል?»

«አይቶታል። በሽታ የለበትም አለ። ከዚያ ጡት የሚያጠቡ እናቶችን የምትረዳ ባለሙያ አለች፣ ወደ እሷ ሂዱ ብሎ ወረቀት ጻፈልን። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩና መጣሁ።»

«ወረቀቱ እኮ የተጻፈው ለእኔ ነው» አለች።

ጋሼ ደቂቃ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «አንቺ? ስንት ወልደሻል?»

«አልወለድኩም።»

«በቃ፣ አለቀ!» ወደ እኔ ዞሩ። «ትሰማለህ? ለጡት ባለሙያ! ነገ ደግሞ ለማዛጋት አማካሪ ይቀጥሩልናል። ድመት ማን አሠልጥኗት ነው የምታጠባው?»

እኔ ሳቅኩ። የተማረ ሰው ባይስቅ ይሻል ነበር፤ ግን ቀልድ ሲጣልልኝ ማንሳት ልማዴ ነው።

«ድመት ልጆቿን ታቅፋ ነው የምትውለው፤ በፈለጉ ጊዜ ይጠባሉ» አለች ነርሷ ሳትቆጣ። «ልጅዎ የምታጠባው እንዴት ነው?»

የጋሼ ደቂቃ ደረት ተነፋ። «በሥርዓት ነዋ! በየአራት ሰዓቱ፣ ለአንዱ ጎን አሥር ደቂቃ። ባለ ደወል ሰዓት ራሴ አስተካክዬ ራስጌዋ አስቀምጬላታለሁ። ሰኮንድ አያዛንፍም!»

ነርሷ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ የእጅ ሰዓቷን አሳየቻቸው። «ይቺ ሰዓት ቆማብኝ ሱቅዎ ባመጣት ምን ያደርጋሉ?»

«ከፍቼ አያታለኋ።»

«ሳይከፍቱ ‹ይቺ ሰዓት ድሮም ሰነፍ ናት፣ ጣያት› አይሉኝም?»

«ምን ቆርጦኝ! ባለሙያ እኮ ነኝ።»

«ታዲያ ልጅዎ ስታጠባ አጠገቧ ተቀምጦ ያየ ማነው? ሕፃኑ ጡቱን እንዴት እንደሚይዝ፣ ይውጥ አይውጥ፣ ማን አየ?»

ጋሼ ደቂቃ ቆርቆሮውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔ አባቷ ነኝ። ምን ብዬ ነው የማየው? እናቷ ደግሞ የለችም።»

«እኮ! ለዚህ ነው እኔ የተቀጠርኩት።»

ጨዋ ሰው ሲያመነታ ጫማውን ነው የሚያየው፤ እሳቸውም ጫማቸውን አዩ።

«ግቢና እያት» አሉ በመጨረሻ። «ካልሆነ ቆርቆሮውን እከፍተዋለሁ።»

«ቆርቆሮው ጠላቴ አይደለም ጋሼ። ካስፈለገ እኔው ለክቼ አዛለሁ። መጀመሪያ ግን እንይ።»

በሩ ሲከፈት የሕፃኑ ለቅሶ ተቀበለን፤ ጉሮሮው የደከመ፣ የተቆራረጠ ለቅሶ። እናቲቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሸሚዟ እስከ አንገቷ ተቆልፏል፤ እጆቿን በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ ባለ ደወሉን ሰዓት ታያለች።

«ገና አሥራ ሰባት ደቂቃ ይቀረዋል» አለችን፣ ጥፋተኛ ሰው በሚናገርበት ድምፅ።

ነርሷ ሰዓቱን አንስታ እጄ ላይ አኖረችውና «ይዘህልኝ ውጣ» አለችኝ። ጋሼ ደቂቃና እኔ ኮሪደሩ ውስጥ ቀረን። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ወደድንም ጠላንም እንሰማለን።

«አይዞሽ እህቴ። ሕፃን የሚያለቅሰው ብዙ ከለመነ በኋላ ነው። ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ ሲያዞር፣ እጁን ሲልስ፣ ያኔ ነው ራበኝ ማለቱ። በቀንና በሌሊት ስምንት ጊዜም አሥራ ሁለት ጊዜም ሊጠይቅሽ ይችላል። ያምሻል?»

«ይቆርጠኛል። ጫፉ ቆስሏል።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። አባዬ ‹በእናትሽ ወጥተሽ ነው፣ እሷም ወተት አልነበራትም› አለኝ። እኔም በቃ ተፈጥሮዬ ነው አልኩ።»

ጋሼ ደቂቃ ግድግዳውን ማየት ጀመሩ።

«የያዘው ጫፉን ብቻ ስለሆነ ነው የሚያቆስልሽ። ሆዱን ወደ ሆድሽ አዙሪው። አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቂ… ጠብቂ… አሁን! አገጩ ጡትሽን ይንካ። እንደዚያ።»

ለቅሶው ቆመ። ቀጥሎ በአምስት ሳምንት ውስጥ እዚያ ቤት ያልተሰማ ድምፅ መጣ፤ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ እየደጋገመ። የሰዓትን ሕመም በጆሯቸው የሚለዩት ሰው አንገታቸውን ወደ በሩ አሰገጉ።

«ምንድነው እሱ?»

«እየዋጠ ነው ጋሼ!» አለች ነርሷ ከውስጥ።

ስትወጣ ጋሼ ደቂቃ የጫማ ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ወተት አላት?»

«አላት። ቀነሰ እንጂ አልደረቀም። ጡት የሚሠራው በሚጠባው ልክ ነው። በየአራት ሰዓቱ ብቻ ሲጠየቅ፣ ያውም በደንብ ሳይያዝ፣ አልተፈለግሁም ብሎ ይቀንሳል። ቶሎ ቶሎ ታጥባው፤ የቀረውን አልባ በኩባያ ትሰጠዋለች። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ አምጧቸው፤ በየሁለት ቀኑ እመዝነዋለሁ። ካልጨመረ ያኔ ስለ ቆርቆሮው እንነጋገራለን።»

«ሲስተር… በሰዓት እያጠቡ ቢቀጥሉ ጭራሽ ይደርቃል?»

«ሊደርቅ ይችላል።»

«በስንት ጊዜ?»

«በሳምንታት።»

«የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ» አሉ ጋሼ ደቂቃ፣ «የግድግዳ ሰዓት አልጋችን ፊት ለፊት ሰቀልኩላት። ሲያለቅስ ልታነሳው ትላለች፤ ‹ተይው፣ ገና ነው› እላታለሁ። በሁለተኛው ወር ደረቀ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሕንፃው በሙሉ ያውቀዋል። ጋሼ ደቂቃ በየሰርጉና በየልደቱ የሚያወሩት ቀልድ ነበራቸው፤ «ሁለት ቧንቧ ያለው ቤት አገባሁ፤ ውሃ ግን የለውም!» ሚስታቸውም ከእንግዳው ጋር አብረው ይስቃሉ፤ እየሳቁ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ይስባሉ። ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቀልዱ ያስቅ ነበር፤ ይህን አልክድም፤ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። ሁለት ዲግሪ ይዤ ሳቁን እንጂ ነጠላውን አላየሁም።

ማጽናናት አማረኝና «ያኔ እኮ ጋሼ፣ የሚጠየቅ ባለሙያ አልነበረም» አልኳቸው።

«እሷ ነበረች» አሉ። «‹ልጁ ራበው› ትለኝ ነበር።»

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የሆነውን ልንገርህ። ሕፃኑ በመጀመሪያው ሳምንት ከሁለት መቶ ግራም በላይ ጨመረ። በወሩ ጉንጩ አገጩን ዋጠው። የእናቲቱ ቁስል ዳነ፤ ስታጠባ ከንፈሯን መንከሷ ቀርቶ ታንጎራጉር ጀመር። ቆርቆሮው ሳይከፈት ቀረ፤ ቢከፈትም ነውር አልነበረም፤ ነውሩ ሳያዩ መፍረድ ነው። ስለዚህ ቤትህ አራስ ካለችና ካመማት፣ ወይም ልጁ ካልጨመረ፣ ወይም ሽንት ጨርቁ ደርቆ ከዋለ፣ በአምስተኛው ሳምንት ሳይሆን በዚያው ቀን ውሰዳት። ባለሙያዋ የምትጠይቃት ወንበርና ትንሽ ጊዜ ነው። እናትነት ተፈጥሮ ነው የሚልህ ካለ እውነቱን ነው፤ መራመድም ተፈጥሮ ነው፣ ግን ሁላችንንም እጃችንን የያዘን ሰው ነበር። ጋሼ ደቂቃ ራሳቸው አሁን ነፍሰ ጡር ያለችበት ደንበኛ ሲመጣ ሰዓቱን ከመቀበላቸው በፊት የነርሷን ክፍል ቁጥር ይጽፉለታል።

ባለፈው ሳምንት የሰዓት ማሰሪያ ላስቀይር ሱቃቸው ገባሁ። ማጉያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልክ ይደውላሉ። በሌላ ከተማ ለሚኖረው ለመጀመሪያ ልጃቸው ነው። እጃቸው ሥራ ስለያዘ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍተውታል፤ የልጁ ድምፅ እስከ እኔ ይደርሳል።

«እናትህ ወተት ነበራት» አሉት፣ ከሰላምታ በፊት።

«አቤት?»

«ወተት ነበራት። ያን ቀልድ ለልጆችህ እንዳታወራ። ነግረሃቸው ከሆነም ውሸት ነው በላቸው።»

«አባዬ፣ አሞሃል እንዴ? ከአርባ ዓመት በኋላ ምን ተገኘ? ማን ምን አለህ?»

«አልናገርም።»

«እንዴ፣ ቢያንስ ለምን እንደሆነ…»

«አልናገርም አልኩህ» አሉና ዘጉት።