ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ያለው ወንበር

ባለቤቴ ሰላም ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም። ስለዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ካንትሪ የሚባለውን የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ በጊታር ልጫወት ስስማማ የፈራሁት እናቷን፣ እማማን ነበር። እማማ ጥቁር እንደለበሱ፣ ትንሿን ልጄን ታቅፈው ከፊት ተቀመጡ። የሙዚቃ ባንዳችን መሪ፣ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ የዘፋኙ ቃል በደንብ እንዲሰማ ጊታር ዝቅ ይበል ባይ ነው። እኔም እሱ ካለው በታች አወረድኩት። እረፍት ላይ እማማ ጠሩኝ።

«ጣትህ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅ ግን የለም። ተበላሸ እንዴ?»

«ሐዘን ላይ ነን ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ልጄ አንተ ይሄንኑ ጊታር ስትጫወት ሰምታ አይደል እንዴ ያገባችህ? እኔን ልትከለክለኝ ነው? ከፍ አድርገው!»

ስንመለስ ትንሽ ከፍ ባደርገው መሪያችን «ኖ፣ ኖ!» እያለ በእጁ ዝቅ አድርግ አለኝ። ምን ላድርግ? ዝቅ አደረግኩትና ከመድረክ ወርጄ የእማማን ወንበር ከድምፅ ማጉያዬ አጠገብ አስጠጋሁላቸው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ እግራቸው ወለሉን መምታት ጀመረ፤ ልጄም ጭናቸው ላይ አብራ ከፍ ዝቅ እያለች ትስቃለች።

ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን ስንገባ ጊታሩን ሰላም ከሞተች ወዲህ ወደቆየበት ቁም ሳጥን አልመለስኩትም፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።