የአሚና መርዶና ጀማ የሚባለው ቃል

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ወር አንድ አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በስደት ካለሁበት የዐረብ አገር፣ ቢን ኦምራን ሰፈር ካለች ካፍቴሪያ ሻይ አዝዤ ስቀመጥ ሁለት ያገሬ ሰዎች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው ለአንድ ቤተሰብ መኪና የሚነዱት ጋሽ ሀይደር ናቸው። ሌላው አገር ቤት አስተማሪ የነበረ፣ እዚህ በጥበቃ ሥራ የሚኖር ረሺድ የሚባል ወጣት ነው። ሰላም ብዬ ወንበሬን ወደነሱ ሳብኩ።

የጋሽ ሀይደር እኅት ኮምቦልቻ ላይ ከሞተች ሰንብታለች። ልጇ አሚና እዚሁ ከተማ፣ መዲናት ኸሊፋ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ግን አልተነገራትም። በኢሞ ደውላ «እማዬን አገናኙኝ» ባለች ቁጥር ዘመዶቿ «ኔትወርክ የለም» ይሏታል።

«ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ስትገባ ትስማ» አሉ ጋሽ ሀይደር። «መርዶ ያለ ጀማ አይነገርም። እኛ አገር መንደሩ ተጠራርቶ፣ ደጁ ሰው ሞልቶ ነው። እዚህ ማን አለ? የማዳሟ ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ታልቅስ?»

ነገሩ ከርኅራኄ የመጣ ስለሆነ ልፈርድባቸው አልቻልኩም።

«ይፍቀዱልኝና ጋሼ፣ ጀማ ማለት ምንድን ነው?» አለ ረሺድ።

«ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ነዋ።»

«እኛ እንደዚያ ለመድነው። ቃሉ ግን ከዚሁ ከዐረቦቹ ጀመዓ የመጣ ነው፤ ሥሩ መሰብሰብ ነው። ጁምዓ የምንለው ቀንም፣ ዛሬ የሰገድንበት ጃሚዕም ከዚያው ሥር ናቸው። በጀመዓ ለመስገድ ስንት ሰው ይበቃል?»

ጋሽ ሀይደር ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ወላሂ፣ ሁለትም ይበቃል» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ እኛ አለን፤ ጓደኛዋ ዘኪያም ትመጣለች። ዝም ካልናት ነገ አንዱ ፌስቡክ ላይ ‹አላህ ይዘንላት› ብሎ ሲለጥፍ ታየዋለች። ለመሆኑ እርስዎስ መርዶውን ማን ነገረዎት?»

«ስልክ። ማዳምን ሞል በር ላይ ስጠብቅ ተደወለልኝ። ፊቴን ጠርጌ ነዳሁ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። «ያላ፣ እንሂድ» ብለው የመኪናቸውን ቁልፍ አነሡ።

ረሺድ የአሚናን ማዳም በዐረብኛ አስፈቀደ። የዘኪያ ክፍል ተሰብስበን ነገርናት። አሚና ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ ዘኪያ ያዘቻት። ትንሽ ቆይታ ቀና አለችና አጎቷን አየቻቸው።

«አጎቴ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ነው የያዝከው?» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ እዚህ ያሉት ያገሬ ሰዎች መርዶ አይደባበቁም፤ የተገኙት ተገናኝተው ይናገራሉ፣ አብረው ያድራሉ። ሐዘንተኛም በማያውቀው ሰው አፍ ከመስማት፣ ወዳጅም ከመዋሸት ዳነ። ጋሽ ሀይደርም እኅታቸውን በወጉ ያለቀሱት ያን ዕለት ነው።