ቧንቧው ያፏጨበት ቦታ

ጣሊያን ከአገር ከወጣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የአዘዞዋ ጠላ ጠማቂ ወይዘሮ እንኳየሁ ባዶ እንስራዋን አዝላ ከደረቀው ቦኖ ስትመለስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ አንድ ወጣት ተንበርክኮ አገኘች። ዱላውን አፈሩ ከተገለጠለት ቧንቧ ላይ ተክሎ፣ ጆሮውን በዱላው ጫፍ ለጥፏል።

«ምነው ልጄ፣ ብረትም ንስሐ ይገባል እንዴ?» አለችው።

ወጣቱ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ቢያዝን ይባላል፤ አዲስ አበባ ቴክኒክ ተምሮ የመጣ የውሃ ሠራተኛ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ እሜቴ። ቧንቧው ተቀዶ ውሃው መሬት ውስጥ ይጠፋል። የተቀደደበትን እያዳመጥሁ ነው።»

«ካቦው ግን ነገ መቃብሩን አስቆፍራለሁ ብሏል አሉ።»

እውነት ነው። ቧንቧው ሲቀበር ቦታው ሜዳ ነበር፤ ኋላ መቃብሩ እየሰፋ ላዩ ላይ ደረሰ። አሁን ውሃው ከመቃብሮቹ መካከል ስለ መነጨ፣ የቆፋሪዎቹ ካቦ ከዚያው ይቆፈር አለ። የእንኳየሁ እናት ወለተሩፋኤል ደግሞ እዚያው ካረፉ ገና ሦስት ዓመታቸው ነው።

«የእናቴን አጥንት አካፋ ከሚነካው ጋኖቼ ባዷቸውን ይቅሩ» አለች።

«እኔም እንዳይነካ ብዬ ነው ጆሮዬን የደፋሁ። ውሃ የሚመነጨው ቁልቁለቱ ከወሰደው ቦታ እንጂ፣ ከተቀደደበት ላይሆን ይችላል።»

«የተቀበረ ብረት ምን ይናገራል? አታሞኘኝ።»

«ቧንቧ ቀጭን ገላ ያለው፣ ውስጡ ክፍት ነገር ነው፣ እሜቴ። ውሃ በቀዳዳው ሲሾልክ ገላውን ያንቀጠቅጠዋል። መንቀጥቀጡም እንደ ኩሬ ሞገድ ይጓዛል፤ አንዱ በብረቱ ርዝመት ይሮጣል፣ ሌላው ጎኑን እንደሚተነፍስ ሰው እያሳበጠና እያኮማተረ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ወፍራሙ ድምፅ ሩቅ ይደርሳል፤ ቀጭኑ መንገድ ላይ ይደክማል።»

«እንግዲያ ቀጭኑ የተሰማበት ቅርብ ነዋ።»

«አዎን። ምን ያደርጋል፣ ቧንቧውን በሦስት ቦታ በጥቂቱ ገልጬ ባዳምጥም፣ የኔ ጆሮ ጉርምርምታ ብቻ ነው የሰማው።»

እንኳየሁ ሳቀች። ፊደል ብዙ አልቆጠረችም፤ ጆሮዋን ከጋን ላይ ደፍታ የጠላ መፍላትን ስታዳምጥ ግን ሃያ ዓመት ኖራለች። እንስራዋን አስቀመጠች።

«ወዲያ በል። ዱላውን አምጣ።»

በቤተ ክርስቲያኑ በር አዳመጠች። «እንደ ጠገበ በሬ ያጉረመርማል» አለች። በመቃብሩ ጥግም ያው ነው። ከአጥሩ ውጭ፣ ቢያዝን ቧንቧውን ከገለጠበት ከዋርካው ሥር ስትደርስ፣ ጆሮዋን ቀይራ ደግማ አዳመጠች።

«እዚህ ያፏጫል። ጥንስስ ሲፈላ እንዲህ ነው የሚል።»

ቢያዝን ደግሞ ሞከረ። ምን እንደሚሰማ ከተነገረው ወዲያ እሱም ሰማ።

በማግስቱ ጧት ካቦው አካፋ ያነገቡ ሰዎች አስከትሎ ከጎንደር ሲመጣ፣ እንኳየሁ በመቃብሩ መግቢያ ቆማ ጠበቀችው።

«ከዋርካው ሥር ጀምሩ» አለች። «ቀዳዳው ከዚያ ከጠፋ፣ የእናቴን መቃብር እኔው በእጄ እከፍትላችኋለሁ።»

ቢያዝን ደነገጠ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ጉድጓዱ ወገብ ሳይደርስ ውሃ ሞላው፤ ቧንቧው በዋርካው ሥራሥር ታንቆ፣ ጣት የሚያህል ተተርትሯል።

«ማነው ያገኘው?» አለ ካቦው።

«እሜት እንኳየሁ ናቸው» አለ ቢያዝን።

«እኔ ነኝ፤ በዚህ ልጅ ትምህርት» አለች ቀና ብላ። «ትናንት ብረት አይናገርም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።»

ከቀትር በኋላ ቦኖው ፈሰሰ። አንድ መቃብር አልተነካም፤ የሳምንት ቁፋሮ በአንድ ጧት አለቀ፤ አዘዞም ከብት የረገጠውን የወንዝ ውሃ ከመጠጣት ዳነች። መስማት የፈለገ ሰው ይህን ሁሉ ያገኛል።

በቦኖው ሰልፍ ሴቶቹ ቅድሚያ ሊሰጧት አሉ። «ተራዬን እጠብቃለሁ» አለች። ነገር ግን ቧንቧ እንዴት እንደሚተነፍስ አስረድታ እስክትጨርስ፣ አንዲቱም እንስራዋን አንሥታ እንዳትሄድ ከለከለች።